ፈንታነሽና የዩሮው ቁርጥ ዋጋ

ሞጣ ላይ ፈንታነሽን የማያውቅ ቢኖር ከተማዋን ዛሬ የረገጠ እንግዳ ብቻ ነው። በጥር ወር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ የደመና ዘር በሌለበት፣ ጃንጥላ በብብቷ ይዛ ወደ ሥራ የምትሄደው ሴት እሷ ናት። «ለፀሐዩ ነው እትዬ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «አይ፣ ለማላውቀው ነው» ትላለች። ባሏ ማናዬ በሆስፒታሉ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሆድ ሲከፈት አይቶ ማታ እየቀለደ የሚገባ ሰው። ስለ ሚስቱ ሲያወራ፣ «የኔዋ ሰርግ ስትጠራ ለልቅሶ የሚሆን ነጠላም ይዛ ነው የምትሄድ» ይላል። ሰው ይስቃል። ፈንታነሽም አብራ ትስቃለች፣ ነጠላውን ግን አትተወውም።

የተወለደችው ቢቸና ነው። አባቷ አቶ ዘመነ የጤፍ ነጋዴ ነበር። ጤፉን ከገበሬው ቢቸና ላይ በታወቀ ዋጋ ይገዛል፤ በኪራይ አይሱዙ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ በደረሰበት ቀን በሚያገኘው ዋጋ ይሸጣል። በመግዣውና በመሸጫው መካከል ያለው መንገድ ቤተሰቡ ትንፋሹን ይዞ የሚከርምበት ጊዜ ነበር። አባትየው ሲመለስ እናቷ ፊቱን አታይም፤ እጁን ነው የምታየው። ሙዝና ብርቱካን አንጠልጥሎ ከመጣ ገበያው ደህና ውሏል ማለት ነው። ባዶ እጁን ከገባ ልጆቹ ሳይነገራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይበላሉ።

አንድ ዓመት መኪናው ዓባይ በረሃ ውስጥ ተሰብሮ ቆመ። መለዋወጫ እስኪመጣ ጤፉ ሸራ ለብሶ ሲጠብቅ እህል በረንዳ ላይ ዋጋው ተንከባለለ። በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድሟ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ጉንደ ወይን ለቅጥር ሥራ ሄደ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ደብተር አልተመለሰም። ፈንታነሽ ያኔ ትንሽ ልጅ ብትሆንም ነገሩ ሆዷ ገባ።

«አባ፣ ከመጫንህ በፊት ዋጋውን ለምን አትቆርጠውም?» አለችው።

አባቷ ከልቡ ሳቀ። «ልጄ፣ ዋጋ እንደ ዝናብ የእግዜር ነው። ማን ይቆርጠዋል?»

እሷ ግን አልተዋጠላትም። ሒሳብ ልትማር ደብረ ማርቆስ ስትሄድ፣ ከዚያም ማናዬን አግብታ ሞጣ ስትገባ፣ ይህች ጥያቄ አብራት ነበረች። ቁርጡን ማወቅ ትወዳለች። ክፉም ይሁን ደግ፣ ቁርጡ ይነገራትና ኑሮዋን በዚያ ልክ ትቁረጥ፤ የምትጠላው ማንጠልጠልን ነው።

ሞጣ ላይ የገባችበት ድርጅት የማርና የሰም ላኪ ነው። የአካባቢው ንብ አናቢዎችና ጥቂት ነጋዴዎች አክሲዮን አዋጥተው አቋቋሙት። ሰብሳቢው አያ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማር ንግድ ያሳለፉ፣ ማሩን በጣት ቀምሰው ንቧ የየትኛውን ጋራ አበባ እንደቀሰመች የሚናገሩ፣ ሳቃቸው ከግቢ አልፎ አስፋልት ድረስ የሚሰማ ሽማግሌ። ፈንታነሽን ገንዘብ ያዥ አድርገው የቀጠሯት እሳቸው ነበሩ፤ ኋላም የፋይናንስ ኃላፊ አደረጓት። «ይች ልጅ ትፈራለች፤ ገንዘብ ደግሞ የሚፈራው ሰው ነው የሚስማማው» ይሉ ነበር።

በፍርሃቷ መጀመሪያ የተጣሉት በብድር ነው። የሰም ማጣሪያ ማሽን ሊገዙ ባንክ ሲጠይቁ ባንኩ ሁለት ዓይነት ወለድ አቀረበ። አንዱ ዛሬ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ባንኩ ዋጋውን በከለሰ ቁጥር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሌላው ከፍ ያለ ነው፤ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ግን ንቅንቅ አይልም። ቦርዱ በአንድ ድምፅ ዝቅ ወዳለው አዘነበለ።

«ከፍ ያለውን እንውሰድ» አለች ፈንታነሽ።

«አብደሽ ነው? ርካሹን ትተን ውዱን?» አሉ አያ ሀብተ ሥላሴ።

«አያ፣ ርካሽነቱ ለዛሬ ነው። ብድሩን ግን ዛሬ ብቻ አይደለም የምንከፍለው። ወለዱ ቢወጣብን ከየት እናመጣለን? ከንብ አናቢው ቀንሰን ነው?»

ምሳ ሳይበሉ ሲሟገቱ ዋሉ። በመጨረሻ የረሃቡ ነገር ይሁን የእሷ ግትርነት፣ ንቅንቅ የማይለው ወለድ ተፈረመ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባንኩ የሌሎቹን ተበዳሪዎች ወለድ ከፍ ሲያደርግ አያ ሀብተ ሥላሴ አንድ ማሰሮ ነጭ ማር ቤቷ ድረስ ይዘው መጡ። ይቅርታም ምስጋናም አልተናገሩም፤ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ስለ አየሩ አውርተው ወጡ።

ከዚያ ሐምሌ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና፣ ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሲንፏቀቅ የኖረው ዶላርና ዩሮ ከተራራ እንደተለቀቀ ፈረስ ጋለበ። ድርጅቱ ከዚያ በፊት ለአንድ ጀርመናዊ ገዢ የላከው ማር ክፍያ ገና አልገባም ነበር። ዩሮው ሲገባ በብር ሲመነዘር ከታሰበው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። አያ ሀብተ ሥላሴ በሬ ጣሉ፤ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ፈንታነሽ ብቻ ቁርጧን ሳትነካ ሳህኗን ይዛ ቆመች።

«ምን ሆንሽ? ደስታም ያስፈራሻል?» አሏት።

«አያ፣ ይህን ትርፍ ማሩ አላመጣውም። እኛም አላመጣነውም። ሳንሠራ የመጣ ሳናጠፋ ይሄዳል ብዬ ነው።»

«ብዪ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል» አሉና ዞሩ።

ኅዳር ሲገባ፣ አደዩ ረግፎ ቀፎው ሲሞላ፣ ንብ አናቢዎቹ ተሰብስበው መጡ። ፊት ፊት የመጡት መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። ሞጣ አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ቀፎ ይሰቅላሉ። ምላሳቸው እንደ ንባቸው ነው፤ ማርም አለው መውጊያም አለው።

«ዶላሩ ሰማይ መንካቱን ሬዲዮ ሰምተናል» አሉ። «ድርሻችንን ነው የምንጠይቅ። እንደ ወትሮው ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ማሩ ሲሸጥ እንቀበላለን፤ ግን የኋለኛው ግማሽ ስንት እንደሆነ ዛሬ ይነገረን። ልጅ የሚድር አለ፣ በሬ የሚገዛ አለ።»

«ያን ጊዜ እናየዋለን መሪጌታ» አሉ አያ ሀብተ ሥላሴ።

«‹እናየዋለን› ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታነሽ ግን አልሳቀችም። የአባቷ ባዶ እጅ ፊቷ መጣ። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ቁርጡን ነው፤ ቁርጡን ለመንገር ደግሞ መጀመሪያ እሷ ማወቅ ነበረባት። ማሩ የሚሸጠው በዩሮ ነው፤ ዩሮው የሚገባው በመጋቢት ነው፤ በመጋቢት ዩሮ በስንት ብር እንደሚመነዘር የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ባንክ ሄደች። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ባንቺዓለም ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ፈጣን፣ ቀጭን፣ ሻይዋን ሳትጠጣ የምታቀዘቅዝ ወጣት ናት። ፈንታነሽ ጭንቀቷን ዘርግፋ ነገረቻት።

«ፎርዋርድ የሚባል ውል አለ እትዬ» አለች ባንቺዓለም። «ዩሮውን በመጋቢት ሲያመጡ በስንት ብር እንደምንገዛዎት ዛሬ እንቆርጣለን። አሁን አንድ ብርም አይለዋወጥም፤ ውል ብቻ ነው።»

«እስከዚያ ዩሮው ቢወርድስ?»

«በተቆረጠው እንገዛዎታለን።»

«ቢወጣስ?»

«ያኔም በተቆረጠው ነው። ‹ተወደደ፣ ለሌላ ልሽጥ› ማለት የለም።»

ፈንታነሽ የጃንጥላዋን እጀታ ጨበጠች። ባንቺዓለም ያልገባት መስሏት እንደገና ልታብራራ ስትል የፈንታነሽ ዓይን እንባ ማቅረሩን አየች።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም አይደል። ለአባቴ ይህን የሚነግረው ሰው ጠፍቶ ነበር።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና ቀና አለች። «ቆይ፣ ባንኩስ? የኔን ፍርሃት ለራሱ ወስዶ ምን ያደርገዋል?»

ባንቺዓለም ፈገግ አለች። «ባንኩም ዝም ብሎ አይሸከመውም። እርስዎ ይወርዳል ብለው የሚፈሩትን ዩሮ፣ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሌላ ደንበኛ አለን። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ነው፤ በመጋቢት ዩሮ ይፈልጋል። ከእርስዎ ገዝተን ለእሱ እንሸጣለን። ባንኩ መሃል ቆሞ ትንሽ ይቀነጭባል።»

«ማነው ሰውየው?»

«ይህንማ አልነግርዎትም።»

ፈንታነሽ ጉዳዩን ለቦርዱ አስረድታ፣ ብዙ ተከራክራ፣ ውሉን ፈረመች። ሲፈርሙ ባንቺዓለም፣ «ሁሉንም ነው የሚቆርጡት? ትንሽ አያስቀሩም?» ብላት ነበር። «ሁሉንም» አለች ፈንታነሽ። ያገኘችው እፎይታ ጣፍጧት ነበርና ከዚያ ላይ ለማንም ማካፈል አልፈለገችም። ለመሪጌታና ለጓደኞቻቸው የኋለኛው ግማሽ ዋጋ በዚያው ሳምንት ተነገራቸው። መሪጌታ መረቁ። ልጁን የሚድረው የሰርጉን ቀን ቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ያ የማታውቀው ሰው ከልቧ አልወጣ አለ። የትኛው ከተማ ይሆን? ምን ያስመጣ ይሆን? እሷ ቅዳሴ ላይ ቆማ ዩሮው እንዳይወርድ ስትለምን፣ እሱም የሆነ ደብር ቆሞ እንዳይወጣ ይለምን ይሆናል። እግዜር የማንን ይስማ? ውሉ ከተፈረመ ወዲያ ግን ሁለቱም ልመናውን ትተው ስለ ጤናቸው መጸለይ ይችላሉ። ይህን ስታስብ ለማታውቀው ሰው እህታዊ የሆነ አዘኔታ ተሰማት። ምሳ ላይ ለማናዬ ስትነግረው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«አንቺ ሴት፣ ሌላ ሰው ገባብሽ እንዴ?»

«ገባብኝ» አለችው። «የኔን ፍርሃት ገልብጦ የሚፈራ ሰው አግኝቻለሁ። አንተ ምንም አትፈራም፤ ምን ታደርግልኛለህ?»

የካቲት ላይ ዩሮው መውጣት ጀመረ። ሳይጋልብ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዳገት መንገደኛ። መጋቢት ሲቃረብ ገበያው ውላቸው ከተቆረጠበት ዋጋ ተሻግሮ ሄደ። ሌሎች ላኪዎች በወቅቱ ዋጋ እየመነዘሩ ሲያተርፉ ተሰማ። ቦርዱ ተጠራ። አያ ሀብተ ሥላሴ ያን ቀን አልሳቁም።

«ፈንታነሽ፣ ዩሮአችንን በርካሽ ሸጥሽው። ዝም ብለን ቆይተን ቢሆን ኖሮ ዘንድሮም በሬ እንጥል ነበር።»

ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ «ኪሳራ» አለ፣ ሌላው «ቁማር» አለ። ፈንታነሽ ሁሉም እስኪጨርሱ ጠበቀች። 

«አያ፣ አይሱዙዎን ኢንሹራንስ አስገብተው የለም?»

«አስገብቻለሁ። ይህ ከዚያ ምን አገናኘው?»

«አምና መኪናው ተገለበጠ?»

«ምን ታሟርቻለሽ! አልተገለበጠም።»

«ታዲያ የከፈሉት ከሰረ? ‹ምነው ተገልብጦ በሆነ› አሉ?»

አያ ሀብተ ሥላሴ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

«ቁማርማ ዩሮው ይወጣል ብሎ መቀመጥ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ይወጣልም ይወርዳልም አላልኩ። አላውቅም ነው ያልኩ። ለንብ አናቢው ዋጋ ስንናገር ምን ላይ ቆመን ተናገርን? ውሉ ላይ ቆመን ነው። ዩሮው ወርዶ ቢሆን መሪጌታን ምን ልንላቸው ነበር?»

 አያ ሀብተ ሥላሴ ሳይስማሙ ስብሰባውን በተኑ። ፈንታነሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ልቧ ከብዷት ነበር። ልክ መሆኗን እያወቀች፣ ልክነቷን የሚያሳይላት በሬ አልነበረም።

የባሰው ግን ከኋላ ነበር የሚመጣው። ከማሩ ግማሹ ገና ሞጣ መጋዘን ውስጥ ሳለ መንገዱ ተዘጋ። ያን ሰሞን በኛ አገር መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የተጫኑት መኪናዎች ሸራቸውን ለብሰው ግቢ ውስጥ ቆሙ። ማሩ ካልሄደ ገዢው አይከፍልም፤ ገዢው ካልከፈለ ዩሮ የለም፤ ዩሮ ከሌለ ደግሞ በተፈረመው ቀን ለባንኩ የሚያስረክቡት ነገር የለም። ፈንታነሽ ለዋጋው ተጠንቅቃ ለመንገዱ አልተጠነቀቀችም። ሁሉንም ዩሮ ገና እጇ ሳይገባ ቆርጣዋለች።

ባንክ ሄዳ ባንቺዓለም ፊት ተቀመጠች።

«ዩሮው ካልገባ ምን ይሆናል?» አለች።

ባንቺዓለም አልደበቀቻትም። «ያልገባውን በዛሬው ዋጋ ገዝተው በተቆረጠው ዋጋ ማስረከብ ነው እትዬ። ልዩነቱ ከድርጅቱ ይወጣል። ብዙ ነው።»

«ለንብ አናቢዎቹ ያስቀመጥነውን ይበላዋል?»

«ይበላዋል።»

ፈንታነሽ አንገቷን ደፋች። ባንቺዓለም የቀዘቀዘ ሻይዋን ገፋ አደረገችና ጎንበስ ብላ፣ «ውሉን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ዋናውን መሥሪያ ቤት ልጠይቅ። ያም ደንበኛ ዩሮውን የሚጠብቅ ሰው ነውና እሱንም ልጠይቀው። ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ግን አይቁረጡ» አለች።

እነዚያን ቀናት ማናዬ አልቀለደም። ጠዋት አብሯት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ከሥራ ሲመለስ መንገዱን ይጠይቅላታል፣ እራቷን ቁጭ ብሎ እስክትበላ ይጠብቃል። አንድ ቀን ብቻ፣ «አባትሽ መኪናው በረሃ ላይ ሲቆም ማን ነበረው? አንቺ እኔ አለሁሽ» አላት። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ስለማያውቅ ፈንታነሽ ከጭንቀቷ ይልቅ እሱ ገረማት።

መንገዱ ከቢቸና በኩል ለአጭር ጊዜ ላላ ያለ ቅዳሜ ባንቺዓለም ደወለች። «እትዬ፣ አንድ ሰው ሊያገኝዎት ይፈልጋል። ስሙን እንድነግርዎት ራሱ ፈቅዷል። ስጦታው ይባላል። ወደ ቤት ልላከው?»

በሩ ሲንኳኳ ማናዬ ከፈተ። ሪዙ የሸበተ፣ አቧራ የለበሰ፣ ወፍራም ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ፈንታነሽን አየና ቆመ።

«የዘመነ ልጅ!»

«ስጦታው? ቢቸና ከኋላዬ ትቀመጥ የነበረው? ጠመኔ የምትበላው?»

«ጠመኔውንማ ትቼዋለሁ!»

ተቃቀፉ። ትንሽ ቆይታ ነገሩ ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንተ ነህ? ዩሮው እንዳይወጣ የምትፈራው አንተ ነህ?»

«አንቺ ነሽ? እንዳይወርድ የምትፈሪው?» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ወይ ጉድ! በጋውን ሙሉ ሳስብሽ ከረምኩ እኮ!»

«እኔም!» አለች ፈንታነሽ።

«እኔ እዚህ ቁሜ?» አለ ማናዬ። ሦስቱም እንባ እስኪያነቡ ሳቁ።

ስጦታው ቢቸና ላይ የመስኖ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ያስመጣል፤ ከጣልያን፣ በዩሮ። ለሽንኩርት አምራቾች ዋጋ ቆርጦ፣ ቀብድ ተቀብሏል። ያን ውል ባይፈርም ኖሮ ዩሮው ሲወጣ ወይ ራሱ ይከስር ነበር፣ ወይ ገበሬዎቹን «ጨምሩ» ይል ነበር።

«አሁን ባንቺዓለም ደውላ ‹ዩሮው ሊዘገይ ነው› አለችኝ» አለ። «መንገዱ የዘጋው አንቺን ብቻ መስሎሻል? የኔ ፓምፕ ቢጫን ከጅቡቲ ደጀን ደርሶ ሊቆም ነው። ለመጋዘን ኪራይ ገንዘብ ከማፍሰስ ሻጩን እስከ ግንቦት ቆይልኝ ብዬ ለመንሁት፤ እሺ አለኝ። ስለዚህ ዩሮውን አሁን አልፈልገውም። ለባንኩ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ውሉ ለሁለታችንም ይራዘማል።»

«ታዲያ ይህን ለመንገር እዚህ ድረስ በዚህ መንገድ?»

ስጦታው ባርኔጣውን አዟዟረ። «ፊትሽን ልይ ብዬ ነው። ሰዎች ‹የሆነ ሰው ከስሮ አንተ አተረፍክ› ይሉኛል። እንቅልፍ አልሰጠኝም።»

«አልከሰርኩም» አለች ፈንታነሽ። ራሷም ሙሉ በሙሉ ያመነችው ገና ያን ጊዜ ነበር። «ለንብ አናቢዎቹ የተናገርኩትን እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ የሄደው ሽንኩርት ካጠጣ፣ ያጠጣ።»

ያን ቀን ስጦታው ምሳ በላ፣ እራትም በላ። በማግስቱ ሲሄድ ማናዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው።

ባንኩ ውሉን በትንሽ ክፍያ አራዘመ። መንገዱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተከፈተና ማሩ ሄደ፤ ግንቦት ሳያልቅ ዩሮው ገብቶ ለባንኩ ተሰጠ። መሪጌታ ወልደ ኪዳንና ጓደኞቻቸው የኋለኛውን ግማሽ በኅዳር እንደተነገራቸው ተቀበሉ። መሪጌታ ሲወጡ በር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ብዙ ነጋዴ አይቻለሁ። ሲተርፈው የሚከፍል ሞልቷል። እንደተናገረ የሚከፍል ነው የጠፋ» ብለው መረቋት።

የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ አያ ሀብተ ሥላሴ ነገሩን ማንሳታቸው አልቀረም። ፈንታነሽ ቀደመቻቸው።

«አያ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። መቁረጤ አይደለም ጥፋቱ፤ እጄ ያልገባውን ሁሉ መቁረጤ ነው። ለሚመጣው ዓመት ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ እንቆርጣለን። ለንብ አናቢው የምንናገረውም በዚያው ልክ ይሆናል።»

«ሦስተኛው እጅስ?»

«እሱ ለእርስዎ ነው። ሲወጣ ይፈንድቁበት፣ ሲወርድ ይናደዱበት።»

ሳቃቸው አስፋልት ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዩሮው ስንት እንዳደረ የሚጠይቁ እሳቸው ናቸው፤ «የኔዋ እጅ እንዴት አደረች?» ይላሉ። ፈንታነሽ ግን አትጠይቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ ስጦታው ደወለ። የልጁ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው፤ ክርስትና የምታነሳት እናት ይፈልጋሉ። ፈንታነሽና ማናዬ ማርና ነጠላ ይዘው ቢቸና ወረዱ። ከጥምቀቱ በኋላ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ የስጦታው እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ፈንታነሽን አጠገባቸው አስቀመጧት። ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ዓይናቸው ግን ያያል።

«አንቺ ልጅ፣ ከኛ ጋር ዝምድናችሁ በማን በኩል ነው?»

ፈንታነሽ ልታብራራ አፏን ከፈተችና ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ስጦታው ከማዶ ጮክ ብሎ፣ «በዩሮ በኩል ነው እማ!» አለ።

እማሆይ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዩሮ፣ ዩሮ… የማን ልጅ ነው? የሸበሉ ነው ወይስ የዚሁ የቢቸናው?»

ቤቱ ተንጫጫ። ማናዬ ሳቁ አላላውስ ብሎት ወደ ጓሮ ወጣ። ፈንታነሽ የክርስትና ልጇን በእቅፏ እያስተካከለች ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«የሩቅ አገር ሰው ነው እማሆይ። እኛም በመልክ አናውቀውም።»

«ይሁና» አሉ እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «ሳታውቁት ካዛመዳችሁ ደግ ሰው ነው። ዕድሜ ይስጠው።» ከዚያም ሕፃኗ አለቀሰችና ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።